እጁ የመሰከረበት ቅዳሜ

ወንድሜን ደንበኞቹ «ላባው» ይሉት ነበር፤ ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲያልፍ አይታወቅም ለማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎምቱ ሰውዬ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደውና ሲነቃ «መቼ ነው የምትጀምረው?» ብሎ ተቆጣ። ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ አልቋል። ይህችን ወሬ እኔ ብቻ ስንቴ እንዳወራኋት አንድዬ ይወቀው። እህቱ ነኝ፤ እኔ ካላወራሁለት ማን ሊያወራለት ነው?

እኔ እዚያው ፀጉር ቤት ፎጣ አጥባለሁ። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት ገንዳ፣ አንድ ትልቅ የውሃ ማፍያና ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ አለኝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚወራው ሁሉ ይደርሰኛል፤ ያልደረሰኝን ደግሞ ራሴ እሞላዋለሁ።

የቤቱ ባለቤት «ሻለቃ» ነው የሚባለው። ጦር ሜዳ ቀርቶ ደህና ግብግብ አይቶ የማያውቅ ሻለቃ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የትእዛዙ ብዛት ነው። የወንድሜ ሚስት አጎት ነው፤ ወንድሜን ለሥራም ለትዳርም ያበቃው እሱ ስለሆነ በሁለቱም በኩል አለቃው ነኝ ብሎ ያምናል። ይኼ ሰው ጠዋት ጠዋት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ፀጉር አስተካካዮቹን ፊኛ ያስላጫቸዋል። ፊኛው ይነፋል፣ የመላጫ አረፋ ይቀባል፣ ከዚያ አረፋውን በምላጭ ጠርጎ ማንሳት ነው። ያፈነዳ ሰው ያን ቀን ምላጭ አይነካም፤ ቶንዶስ ይዞ ፀጉር ሲከረክም ይውላል።

«ሰው አፉን ያለማምዳል፤ እጁ ግን አይዋሽም» ይላል ሻለቃ። ማታ የጠጣ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊኛው ዷ ይላል፤ ምስክርም ዳኛም አያስፈልግም። አፍ ማሽተት እኛ ቤት አይሠራም። ምላጩ በአልኮል ይጠረጋል፣ የተላጨ ጉንጭ በአልኮል ይታሻል፣ የሁላችንም እጅና ልብስ በሱ የራሰ ነው። እኔ ራሴ በሕይወቴ ጠብታ ሳልቀምስ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። አፍንጫ ስለማይረባን ነው በእጅ የምንፈርደው።

በዚህ ሕግ ወንድሜ አንዳንድ ቀን ያልፋል፣ አንዳንድ ቀን ይወድቃል። ያለፈ ቀን «ዛሬ ደህና ነው፣ አልቀመሰም» ይባላል። የወደቀ ቀን ደግሞ «ሲጋት አድሮ ነው» ይባላል። ሚስቱም ቤት ውስጥ የምታየው ያንኑ ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ ስትሰማ ገና ፊቱን ሳታይ ትቆጣለች።

መጠጡ ግን እውነት ነው። ወንድሜን ላሳምረው ብዬ አልዋሽም፤ ድሮ የዋሸሁለት ይበቃል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየመሀሉ፣ ለዓመታት ጠጥቷል። አንድ ቀን ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ላምጣት ብሎ ወጥቶ መጠጥ ቤት ቀረ። ልጅቱ በሩ ሥር ቦርሳዋን ታቅፋ ብቻዋን ቆማ እናቷ አገኘቻት። በማግስቱ ሻንጣው ደጅ ወጣ። ወደ እኔ ቤት መጣ፤ ጓዳዬን ለቀቅሁለት።

ሚስቱ ክፉ አይደለችም። እንዲያውም ከኔ ይልቅ ታጋሽ ናት፤ እኔ ብሆን ሻንጣውን ሳይሆን እሱን ነበር የምወረውረው። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ካቆመ ይገባል። ካላቆመ አይገባም።» ማቆሙን በምን ታውቂያለሽ ስላት «አጎቴ ጋ ቅዳሜ እመጣለሁ። ዐይኔ እያየ ፊኛውን ይላጭ። ካልፈነዳ ሻንጣውን ይዞ ከኔ ጋር ይሄዳል» አለች። «የርስዎን ቃል አልቀበልም እትዬ፣ አይቀየሙኝ» ስትልም ጨመረች። አልተቀየምኩም። «ታሞ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ እንደሸፈንኩለት እሷም ታውቃለች።

ያንን የነገርኩት ቀን ማታ እራት አቅርቤለት አልበላም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂ።»

«ምን ያስቃል ያንተ ነገር?»

«እኔ ፊኛውን የማፈነዳው ያልጠጣሁ ቀን ነው።»

አልገባኝም። አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው ብዬ አየሁት።

«ጠዋት ተነሥቼ አንድ ሁለት መለኪያ ፉት ካልኩ እጄ ድንጋይ ነው። ጠርሙሱ ያለቀብኝ ቀን ነው የሚንቀጠቀጠው። ሻለቃ ‹ዛሬ ደህና ነህ› ሲለኝ እኮ ሆዴ ውስጥ መጠጥ አለ። እናንተ ሁላችሁም ገልብጣችሁ ነው የምታነቡኝ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ምን ብዬ? ስጠጣ ነው ደህና የምሆነው ልበላቸው? ‹ጠጪ ማመካኛ አያጣም› ነው የሚሉኝ።» ትንሽ ሳቅ አለ። «ቅዳሜ ጠዋት ሁለት መለኪያ ብቀምስ ፊኛውን እንደ እንቁላል ልጬ አስረክባታለሁ። ሻንጣዬን ይዤ እገባለሁ።»

«እና?»

«እና ጠጥቼ ገባሁ ማለት ነው። ልጄ በሩን ትከፍትልኛለች፣ እኔ ሆዴ ውስጥ መጠጥ ይዤ እስማታለሁ። አላደርገውም። አቆማለሁ፤ ከዛሬ። እስከ ቅዳሜ ይረጋ ይሆናል።»

«ይረጋል እንጂ! ምን ይሆናል ትለኛለህ?» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ ስለ ሰው እጅ እኔ ምን አውቃለሁ።

ተነሥቶ ወደ ልብስ ቅርጫቴ ሄደና ካጣጠፍኳቸው ንጹሕ አንሶላዎች ሥር ጠርሙስ አወጣ። የኔን አንሶላ! ልጮህበት አፌን ከፍቼ ሳለ የቀረውን ማጠቢያው ውስጥ ገለበጠው። ቁጣዬ ጠፋ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።

በነጋታው «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ከሥራ ቀረ። ሻለቃ መልእክቱን ስነግረው «የጠርሙስ ጉንፋን ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ ደንበኞቹን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቤት ስገባ ወንድሜ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ አንሶላው ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ሾርባ ሰጠሁት፤ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ባዶ ሆነ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ እኔው አጎረስኩት። አስመለሰው።

«በርታ፣ መርዙ እየወጣልህ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው የመሰለኝ። ሰው ሲያተኩሰው ላቡ ይወጣና ይሽረዋል፤ መጠጥም እንደዚያው መስሎኛል። በባሰበት ቁጥር ሊሻለው ነው እያልኩ ልቤ ይሞቅ ነበር።

ዓርብ ደግሞ በር ሲንኳኳ ከአልጋው ተፈናጥሮ ይነሣ ጀመር። ብርድ ልብሱን እያራገፈ «ጉንዳን ገብቷል እኮ» አለኝ። ጠረግሁ፣ አራገፍኩ፤ አንድም ጉንዳን የለም። «ሄዱ» አልኩት። «አዎ፣ ሄዱ» አለኝ፤ ዐይኑ ግን አሁንም ግድግዳው ላይ የሚሄድ ነገር ይከተላል።

ቅዳሜ ጠዋት ራሴ አለበስኩት። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አልቻለም። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመና «እትዬ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ ብትኖር…» አለ። አየሁት። «አይ፣ ተይው» አለ ራሱ። «ደፋሁት እኮ አይደል?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኩት። ተረቱ ትክክል ነው። እስኪነጋ ለሚቆይ ሰው ትክክል ነው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ቀድማን ተቀምጣለች። ደህና ልብሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። ልጅቱን አላመጣቻትም፤ በኋላ እንደነገረችኝ ቤት ትታት የመጣችው የአባቷን አልጋ እንድታነጥፍ ነው። ይዛው ልትሄድ ነበር አመጣጧ። ይኼን ሳስብ ማንንም መጥላት ያቅተኛል፤ ብጠላ ግን ደስ ባለኝ።

ሻለቃ ፊኛውን ነፋ፣ ጫፉን ወንበሩ እጀታ ላይ አሰረ፣ አረፋ ቀባው። «በል ላባው» አለ።

ወንድሜ ምላጩን አነሣ። ገና አየር ላይ ሳለ ምላጩ የመስኮቱን ብርሃን ጣሪያው ላይ ሲያንቀጠቅጠው ሁላችንም አየን። ቀኝ እጁን በግራ እጁ ያዘ፤ ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ። ፊኛው ገና ሳይነካ የፈነዳ ነው የመሰለኝ። አረፋው ሚስቱ ቀሚስ ላይ ተረጨ።

እሷ አረፋውን በመሀረብ ጠረገች፣ ቀስ ብላ፣ ብዙ ጊዜ።

«ድገምና ሞክር» አለ ሻለቃ፤ ከልቡ አዝኖ። ሁለተኛውም ፈነዳ።

«ዛሬን እንኳ?» አለች ሚስቱ። «ዛሬን እንኳ መታገሥ አቃተህ? እኔ እኮ…» አልጨረሰችውም።

«አልጠጣሁም» አላት። ከንፈሩ ደርቋል። «ሙች አልጠጣሁም። ካቆምኩ…»

«እጅህን እያየሁት!»

ከጓሮ በር ሆኜ አላስቻለኝም፤ ገባሁ። «እውነቱን ነው! ጠርሙሱን ዐይኔ እያየ ነው የደፋው። ከዚያ ወዲህ ከጓዳዬ አልወጣም። የሚንቀጠቀጠው ስላልጠጣ ነው!»

ሻለቃ ሳቀ፤ የሚያሾፍ ሳቅ እንኳ አይደለም፣ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። «ስላልጠጣ? እንግዲያ እኔም ልጠጣና እጄ ይርጋ። ይኼን ያህል ዘመን ምላጭ ይዤ የሰካራም እጅ አላውቅም?»

«እትዬ፣ ይብቃዎት» አለች እሷ። ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች።

ወንድሜ ወደ እሷ አንድ ርምጃ ሄደ። አፉን ከፈተ፤ ልትሰማው የሚገባ ነገር ሊነግራት ነው ብዬ ጠበቅሁ። የወጣው ግን ቃል አይደለም፤ ከሆዱ የተገፋ አንድ ጩኸት ነው። ዐይኑ ወደ ላይ ዞረ፣ አካሉ ተገተረ፣ እንደ ቆመ ወደ ኋላ ወደቀ። ጭንቅላቱ የወንበሩን ብረት መታ። ከዚያ መላ ሰውነቱ ይንፈራገጥ ጀመር፤ ተረከዙ ወለሉን ይደበድባል፣ ካፉ ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል።

«የሚጥል በሽታ ነው!» አለ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ደንበኛ።

«የምን በሽታ! የሚጥለው መጠጡ ነው» አለ ሻለቃ፤ ግን ተንበርክኮ እግሩን ያዘው። ደንበኛው የማበጠሪያ እጀታ በጥርሱ መሀል ሊያስገባ ታገለ፤ እጀታው ተሰበረ። እኔ ጭንቅላቱን ታቅፌ ስሙን እጠራለሁ። ደንበኛው የሻለቃን የመጠጥ ውሃ አንሥቶ ፊቱ ላይ ደፋበት። ማናችንም የምናደርገውን አናውቅም ነበር፤ ሁላችንም ግን አንዳች ነገር እናደርግ ነበር።

ሲቆምለት ተዘርግቶ ያንኮራፋ ጀመር። ሚስቱ ከላዩ ቆማ አየችው፤ እንባዋ ይወርዳል። «ሰምተሻል?» አለችኝ፤ እርስዎ ማለቷን ረስታ። «የሰካራም ማንኮራፋት ነው። አሥር ዓመት አጠገቡ ተኝቼ የምሰማው ይኼንኑ ነው።» ወጥታ ሄደች።

«ሐኪም ቤት እንውሰደው» አልኩ።

«ስካር በሐኪም አይወጣም፤ በእንቅልፍ ነው» አለ ሻለቃ። ተሸክመው ጓሮ፣ ፎጣዎቼ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ በጀርባው አስተኙት። ጠራሁት፤ ዐይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝ፤ አላወቀኝም። የሰከረ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ይኼ እሱ አይደለም። የሰከረ ዕለት ያቅፈኛል፣ ይዘፍናል፣ ይቅርታ ይለኛል።

ሩጬ መንገድ ወጣሁ። አንዱ ባለታክሲ ቆመና «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ስነግረው፣ ፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆመው ደንበኛ «ሰክሮ ወድቆ ነው» አለው። «መኪናዬን ያስታውክብኛል» ብሎ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን በሩን ይዤ አልለቅም ብዬ አስቁሜ ስመለስ ወንድሜ አግዳሚው ላይ ሲንፈራገጥ አገኘሁት። አልቆም አለው። ፊቱ ጠቁሯል። ያስታወከው ጉሮሮው ላይ ነው። ያን ጊዜ ሻለቃም ጮኸ።

ሚስቱን መታጠፊያው ላይ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ አገኘናት። ባለታክሲው ጩኸቴን ሰምቶ አቆመ። ገብታ ሐኪም ቤት እስክንደርስ እግሩን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። አልጋው እየተገፋ ሲገባ አብራው እየተራመደች ትጠይቃለች።

«መጠጥ ይጠጣል?»

«አዎ» አልን ሁለታችንም።

«ብዙ ዓመት? በየቀኑ?»

«በየቀኑ» አለች ሚስቱ።

«መቼ ነው ያቆመው?»

«መቼ አቁሞ! ዛሬም ጠጥቶ ነው እዚህ የደረሰው።»

ሐኪሟ አላመነቻትም መሰለኝ፤ የወንድሜን ላብና እጅ አይታ ወደ እኔ ዞረች። «ረቡዕ ማታ ነው ያቆመው» አልኳት። «ጠርሙሱን ደፋው። ከዚያ በኋላ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ጉንዳን ያያል።» ራሷን ነቀነቀችና ሮጣ ገባች። ከቃሌ አንዲቷን እንኳ «እህቱ ስለሆንሽ ነው» አላለችኝም። በዚያ ሳምንት ያመነኝ የማያውቀኝ ሰው ብቻ ነው።

ሻለቃ መጣ፤ ባርኔጣውን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ማንም ማንንም አላየም። ሐኪሟ ስትወጣ ጓንቷን አውልቃለች። ከፊቷ አወቅሁት። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ሚስቱ ግን ቆማ ቀረች።

«ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ…» አለች ሐኪሟ፤ ከዚያ ተወችው። «ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም አካሉ እንዲህ ይሆናል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ከዚያ ይጥለዋል። መድኃኒት አለው እኮ፤ እዚህ አስተኝተን በመጠኑ እየሰጠን እናሳልፈው ነበር። እንዲሁ በድፍረት አይቆምም።»

«ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ» አለች ሚስቱ፤ ድምጿ የሌላ ሰው ነው፤ «ያን ጊዜ… ጠጥቶ አልነበረም?»

«አይ። ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ እጁ ይረጋ ነበር።»

«አቁሞ ነበር?»

«አቁሞ ነበር።»

ደግማ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ደግማ መለሰችላት። ሦስተኛ ስትጠይቃት ሐኪሟ እጇን ያዘቻት። ሻለቃ ባርኔጣውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከበሩ ውጪ ሲያለቅስ ሰማሁት። እንዲህ ያለውን ለቅሶ ከሱ እጠብቅ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር አላሳዘነኝም።

አስከሬኑን ሊሰጡን ሲሉ ሻለቃ ተመልሶ ገባ፤ ያው ነገር ማዘዝ ሥራው ነው። «ወደ እህቱ ቤት እንውሰደው» አለ አስከሬኑን ለሚጭነው ባለመኪና። «የነበረው እዚያ ነው። ሚስቱም ቤቷ ልጅቱን ታረጋጋ።»

«የት?» አለች ሚስቱ።

«እህቱ ጋ፣ ያው…»

«ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው» አለች። ጮክ አላለችም። «ካቆመ ይገባል ብያለሁ።»

እኔና እሷ መኪናው ውስጥ ከአስከሬኑ ወዲያና ወዲህ ተቀመጥን። ቤቱ ስንደርስ ቀድማ ወረደች፤ ልጅቱን ጎረቤት አስገባቻት። ከዚያ ሁልጊዜ ተዘግቶ የሚኖረውን የበሩን ሁለተኛ ክንፍ መቀርቀሪያ በድንጋይ እየመታች ነቀለችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ከጎኑ ቆመች፤ «ግባ» አለችው።